አራት ደቂቃ የቀደመው ሰዓት

ማመን የማይፈልግ ይተወው። እኔ በእጄ የሆነውን አልክድም።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለው ቤታችን።

ታናሽ ወንድሜ ሕሩይ ሬዲዮ ይጠግናል። ከቆራሌው አንድ የብረት ሳጥን ገዛ፤ ከፈረሰ የስልክ ማማ የወጣ ጊዜ መቁጠሪያ ነው። ቁጥሩ የሚበራ ሰዓት ገጠመለት።

"እታለም፣ ይሄ በመቶ ዓመት አንድ ሴኮንድ አያዛንፍም" አለኝ። "ብቻ እንደ አራስ ነው። እስኪረጋ አርባ ቀን ሙቀቱ መቋረጥ የለበትም። ሶኬቱን እንዳትነኪ!"

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ በዚያ ቅዳሜ ነካሁት።

እሱ ሾላ ገበያ ሄዷል። ስቶቭ ልሰካ ፈለግኩ፣ ያለን ሶኬት እሱ ክፍል ያለው አንድ ብቻ ነው። "ብረት ደግሞ ምን አራስ ይሆናል!" ብዬ ነቀልኩት።

ሽሮዬን ሠርቼ መልሼ ስሰካው... ከስልኬ አራት ደቂቃ ቀድሟል።

ጠፍቶ የቆየ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ እንዴት ይቀድማል?

ሕሩይ መጥቶ ክፍሉ ገባ። እኔ ጓሮ ዕቃ እያጠብኩ ነበር።

ጓ!

ብረት አጥንት ሲመታ ነው...

ጓ!

"እታለም... በቃ!"

የሕሩይ ድምፅ። ወዲያው የሴት እሪታ ተከተለ።

ሌባ ገባበት ብዬ፣ መዶሻ ስፈልግ ሦስት ደቂቃ ያህል አባክኜ ሮጥኩ።

ብቻውን ነው። እያፏጨ ሽቦ ይልጣል።

"ማነው የመታህ?"

"ረሃብ" ብሎ ሳቀ።

"ጮህክ እኮ!"

"እኔ? አልጮህኩም..."

ሰዓቱን አየ። ሳቁ ጠፋ።

"እታለም..." አለ በሹክሹክታ። "ነቅለሽው ነበር?"

"አዎ ነቀልኩት! ይሄ ነገር ሊገድልህ ነው። ዞር በል፣ እሰብረዋለሁ!"

"ተይው! አትንኪው!"

እኔ አንዴ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ። መዶሻውን ሰነዘርኩ። ሕሩይ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን አቀፈው...

ጭንቅላቱ ላይ አረፈ።

ደሙ ግድግዳውን ረጨው። አጥንቱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። በጆሮዬ ግን ምንም... ጭጭ።

ክንዴ እንደገና ተነሳ፤ ቅድም የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነበር። ሁለተኛውን እኔ አላነሳሁትም። አረፈ።

ከንፈሩ "እታለም... በቃ" ሲል ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም።

በሩ ተበረገደ። የጋራዡ መካኒክ ጉደታ ነው፣ ያለከልካል።

"እትዬ ፀዳለ፣ ምን ሆኑ? እሪታዎን ሰምቼ እኮ ነው የ..."

ሕሩይን አየው።

እኔ ገና አልጮህኩም ነበር።

አሁን አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ...

ከጋራዡ ብረት ሲቀጠቀጥ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ከእኔ ግን ምንም አልወጣም።

ጉደታ አፌን እያየ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሸሸ።