ደረቁ ካርቶን

ባለጋራዡ የሞተው ሞተር ብስክሌቱ ዘይት ስላልነበረው ነው። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፒስተኑ ደርቆ ተጣበቀ፣ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ፣ ሰውየው ከነአሮጌ ማሽኑ ከግንብ ጋር ተላተመ። የሚያፈሱትን የዘይት ቱቦዎች ከአንድ ቀን በፊት የቀየረለት ጋራዡ ውስጥ «ቺንጋ» የሚሉት መካኒክ ነው። በሌላ ሞተር ሲከተለው ስለነበር ሬሳው አጠገብ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ፤ በካቴና የታሰረውም እዚያው ነው።

መርማሪዋን ጋራዡ በር ላይ የተቀበላት ሽታ ነው። የተቃጠለ ዘይት፣ ላብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽቶ። ሽቶው የሚመጣው ከሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሠራተኞቹ ስሙንም «ሽቶ» ብለውታል። ወንድሙ ከሞተ አምስት ሰዓት አልሞላም። እሱ ግን ሸሚዝ ቀይሯል።

«ይኸውልዎት ማስረጃው» አላት፣ ሞተሩ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ የተነጠፈውን ካርቶን በጫማው ጫፍ እየነካ። «ሲያንጠባጥብ አድሯል። ያ ደንቆሮ ቱቦውን የሚያስረውን ፋሸታ እንኳን አላጠበቀውም።»

መርማሪዋ ተንበርክካ ጣቷን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ተከትሏት መጣ። ፊቷን አጨማደደች።

«ካርቶኑ ለምንድን ነው የሚነጠፈው?»

«እኔ ምን አውቄ! የመካኒክ ቆሻሻ ነዋ።»

ግድግዳው ላይ ሌሎች ካርቶኖች በሚስማር ተሰክተው ነበር። እያንዳንዱ ቀን ተጽፎበታል፣ እያንዳንዱ ጠብታ በእርሳስ ተከቧል። ጠብታዎቹ አረንጓዴ ናቸው። እጇን ልትታጠብ ሄደች። የመታጠቢያው ቀዳዳ ዙሪያም አረንጓዴ ቀለበት ሠርቷል። ሳትታጠብ ተመለሰች።

ከሆስፒታል የተመለሰችው የሟቹ ሚስት ቢሮው ውስጥ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ከቦርሳው አፍ የሞተሩ ሊብሬ ብቅ ብሏል።

«በቅርቡ ከባለቤትዎ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

«ማን ይጣላዋል? እሱ ነው ሰው የሚያስቀይመው። ጋራዡን በሚቀጥለው ሳምንት ለቺንጋ ሊያስረክብ ነበር። ለባዳ! የእናቱ ልጅ እያለ!»

«የሞተሩን ሊብሬ ሆስፒታል ድረስ ማን አመጣልዎት?»

«ወንድሙ ነዋ። ‹ፖሊስ ይጠይቃል፣ ሮጥ ብዬ ከጋራዡ ላምጣ› ብሎ።»

ሊብሬውን እያቅማማች ሰጠቻት። ሽፋኑ ተወልውሎ ያበራል።

ቺንጋ ውጭ የፖሊስ መኪና ውስጥ ነበር።

«ፋሸታውን አጥብቀኸዋል?»

«እናቴ ትሙት! ዘይቱንም እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ። ደግሞ ጋሼ የማንንም ሥራ አያምኑም፤ የራሳቸውንም ጭምር። ማታ ካርቶን ያነጥፋሉ፣ ጠዋት ያዩታል፣ ያዩትን ይጽፉበታል። አንዲት ጠብታ ካለች አይነዱም። እንደ ጋዜጣ ነበር የሚያነቡት። ሲይዙኝ እኮ ‹ካርቶኑ ይፍረደኝ!› ብዬ ጮኬያለሁ።»

«ማን ሰማህ?»

«ያልሰማ አለ? ሽቶም አደጋው ቦታ ደርሶ አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

«ትናንት ጋራዡን የዘጋውስ?»

«እሱው ነው። ጋሼ ካርቶኑን አንጥፈው ወጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው።»

ሁሉንም ካርቶኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሽቶ ጫማው እንዳይነካ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ይህ ያገለገለ ዘይት ነው» አለች። «የሟቹ ሞተር ግን ባለ ሁለት ምት ነው፤ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አቃጥሎ በጭስ ያወጣዋል፤ የሚጠቁር ትርፍ የለውም። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ እሱን አስፈትሼዋለሁ፣ አልጎደለም። ከአዲሶቹ ቱቦዎች ቢፈስ ኖሮ ግድግዳው ላይ እንዳሉት አረንጓዴ ይሆን ነበር።»

«በር ላይ ካለው በርሜል ነዋ የተቀዳው!» አለ ቺንጋ። «ከመኪና የምናወጣው አሮጌ ዘይት ነው!»

መርማሪዋ ካርቶኑን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። ከጥቁሩ ሥር እርሳስ ተጭኖት ያለፈ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የዛሬው ቀን፣ ከጎኑም አንድ ቃል፦ ደረቅ።

«ሟቹ ጠዋት ይህን ጽፎ ነው የወጣው። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ቱቦው አላፈሰሰም፤ ካላፈሰሰ ዘይቱ ሙሉ ነው ብሎ አመነ። ከፍቶ አላየም። ዘይቱ ግን ትናንት በቱቦው በኩል ወጥቶ እዚያ መታጠቢያ ውስጥ ተደፍቷል። ፋሸታውም የላላው ያኔ ነው። የደፋው ሰው ካርቶኑ ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። ያወቀው ዛሬ፣ ቺንጋ ሲጮህ ነው። ከዚያ በኋላ ቺንጋ ፖሊስ እጅ ነው፣ ሚስትየዋ ሆስፒታል ነች። እዚህ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሊብሬውን ገለጠችው። ውስጠኛው ገጽ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

«ሸሚዝ ይቀየራል። ይሄ ግን አይቀየርም።»

«እንዲሞት አልፈለግሁም!» አለ ሽቶ። «ሞተሩ እንዲበላሽና ይሄ ባዳ እንዲባረር ብቻ ነበር! እግዜር ያውቃል!»

«ወንድምህ ሳይቀዘቅዝ ካርቶን ልትቀባ የሮጥከውንም ያውቃል» አለች፣ አንቱታውን ትታ። የቺንጋ ካቴና ተፈትቶ ለሽቶ ገባለት። መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «ሽፋኑንስ ማን ወለወለው?»

ሴትየዋ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «ቤተሰብ ነው ብዬ… አንዱ ሞተ፣ ሌላውን ደግሞ ልጣ?» ወደ ቺንጋም ቀና አለች። «ልጄ፣ ጋራዡን እኮ አንተ ካልያዝከው ማን ይይዘዋል? ባለቤቴም ይህን ነበር የሚፈልገው።»

ቺንጋ ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ ቀረባት።

«እትዬ፣ እኔ መኪና ውስጥ ታስሬ ቁጭ ብዬ፣ እርስዎ ያን ጥቁር በምን ጠረጉት?»

«በ… በመሃረብ።»

«መሃረቡን ይዘውታል?»

ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበችው። ቺንጋ የራሱን መፍቻ ብቻ ከግድግዳው አወረደ፣ ሱሪው ላይ ጠረገና ኪሱ ከተተው። ካርቶኑን ሳይረግጥ ዞሮ አለፈ። ወጣና የብረቱን በር ከኋላው ዘጋው።