ቀድሞ የተሞላው ወረቀት

ይሄን ታሪክ ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፍላችሁ። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት ነው። የማያምነኝ ሰው ካለ አልፈርድበትም፤ እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ደግሞ በጨለማ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የወሊድ ክፍል ውስጥ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። አልጋዎቹ ስድስት ናቸው። የእኛ የመጨረሻው ነው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ።

ታናሽ እህቴ ሚጢ ከወለደች ገና አንድ ሰዓቷ ነው። ወንድ ልጅ፤ ጥግ ባለው የሕፃን አልጋ ላይ ተኝቷል።

ከቤት ስንወጣ እናታችን የሰጠችን ምክር አንድ ብቻ ነበር።

«አደራ... እንዳትጮሁ። ምክንያት አትስጧቸው።»

«አትስጧቸው» ያለችው የሆስፒታሉን ሰዎች ነው። ካርዱ ላይ የአባታችንን ስም ሲያነቡ፣ የየትኞቹ ሰዎች ልጆች እንደሆንን ወዲያው ያውቃሉ። ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ለምደነዋል።

ስለዚህ ሚጢ ሻሿን ነክሳ ወለደች። አንዴ «ወይኔ» ልትል ስትል እኔው ነኝ አፏን በእጄ የያዝኩት። ይሄን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አዋላጇ ሳቀች።

«የእናንተ ሰዎች እኮ ጠንካሮች ናችሁ። ሁለተኛዋ አልጋ ያለችው ጣሪያውን ልታወርድብን ነበር!»

እኔም ሳቅኩ። እንደተመሰገነ ሰው።

ከዚያ ከአልጋው እግርጌ የተንጠለጠለውን ወረቀት አነሳች። ቆማ፣ ጫር ጫር አደረገች። የእህቴን እጅ እንኳ አልነካችም። ወረቀቱን መልሳ ሰቅላው ሄደች።

«እትዬ... በረደኝ» አለችኝ ሚጢ።

ኮቴን አውልቄ ከብርድ ልብሱ በላይ ደረብኩላት።

ትንሽ ቆይታ...

«እትዬ... ማናት እግሬን የምታሸኝ?»

«ማንም የለም። ተኚ።»

«እጇ ይቀዘቅዛል... ተይ በያት።»

ወደ እግርጌው ዞርኩ። ማንም የለም። ግን ብርድ ልብሱ እግሯ ጋ ትንሽ ስርጉድ ብሎ... ተመልሶ ተነሳ።

ነፋስ ነው አልኩ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ወረቀቱን አነሳሁት። ስምንት ሰዓት፣ የደም ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ፣ ደህና ናት። ስምንት ተኩል፣ መቶ ሃያ በሰማንያ፣ ደህና ናት። ዘጠኝ... ዘጠኝ ተኩል... እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ደህና ናት።

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነው።

ያልደረሰውን ሰዓት ሁሉ ሞልታው ሄዳለች! ማን ይጠይቃታል? እኛ አንጮህም።

ያኔ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ... እህቴን በርዷታል።»

«የወለደች ሴት ይበርዳታል። ሂጂ፣ እመጣለሁ።»

አልመጣችም። ሁለተኛዋን አልጋ ግን ሁለቴ ለካቻት። ራሴን አመመኝ ስላለች።

የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እድሜዋ የገፋ ሴት ናት፣ እየወለወለች እኛ ጋ ስትደርስ ቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከየት እንደሆንን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ዘንድሮ ከእናንተ ሰዎች፣ እዚህ አልጋ ላይ... ሦስተኛዋ ናት።»

«ሌሎቹስ እማማ?»

ባልዲዋን አነሳች።

«አታስተኚያት ልጄ።»

ሄደች። የእኛን አልጋ ሥር ሳትወለውል ሄደች።

ወረቀቱን እንደገና አየሁት።

ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ያለው ጽሑፍ ተቀይሯል። የአዋላጇ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። ይሄኛው ጥቁር ነው፣ ፊደሉም ዘመም ያለ።

ዘጠኝ ተኩል... ዘጠና በስድሳ።

አሥር ሰዓት... ሰባ በአርባ።

አሥር ተኩል... አልተገኘም።

አሥር ከአርባ... አረፈች።

ከዚያ በታች ባዶ ነው።

አዋላጇ ከሄደች ወዲህ ከእኔ በቀር ወረቀቱን የነካ ሰው የለም። ከጠረጴዛዋ ከተመለስኩ ወዲህ ከእጄ ክንድ እንኳ አልራቀም። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ቀለሙ ተለቀለቀ... አልደረቀም።

«እትዬ...»

«ወዬ ሚጢዬ።»

«ሴቶቹ በዙ...»

«የትኞቹ ሴቶች?»

ከንፈሯ ነጥቷል። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት።

ደም። አንሶላውን አልፎ፣ ፍራሹን አልፎ፣ አልጋው ሥር ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ደግሞ ኮቴን ደርቤ ሸፍኜው ተቀምጫለሁ።

ጮህኩ! እናታችንም ትቀየም፣ ስማችንም እንደፈለገ ይጥፋ። ጉሮሮዬ እስኪላጥ ጮህኩ።

አዋላጇ ተቆጥታ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው የምታብጂው?»

ወረቀቱን ፊቷ ላይ ደቀንኩት።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

አነበበችው። መልሳ ከላይ ጀምራ አነበበችው።

«የኔ ጽሑፍ አይደለም...» አለች በሹክሹክታ።

«ለኪያት!»

መለኪያውን የሚጢ ክንድ ላይ ጠመጠመች። ሰዓቱ ልክ ዘጠኝ ተኩል ነው። ቁጥሩ ወጣ።

ዘጠና በስድሳ።

አሁን የጮኸችው እሷ ናት። «ዶክተር!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቆራርጬ ነው የማስታውሰው። ደም በከረጢት መጣ። ዶክተሩ ላብ በላብ ሆኗል። እኔን ግድግዳው ጋ ገፈተሩኝ። አሥር ሰዓት ላይ መለኪያው ሰባ በአርባ አለ። አሥር ተኩል ላይ ቁጥር አልሰጥ አለ።

አሥር ከአርባ...

ዶክተሩ ጣቱን አንገቷ ላይ አድርጎ ቆመ። የሰዓቱ ቆጣሪ አንድ ደቂቃ ዘለለ። ሌላም ዘለለ።

«አለች!» አለ። «አለች፣ አለች!»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስታም ንዴትም ነው። ለመለካት እኮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከእሷ በፊት እዚህ አልጋ ላይ ያለፉትን ሁለቱን ሴቶችስ ማን ለካቸው?

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሚጢ ዓይኗን ገለጠች።

«ልጄስ?»

ሁላችንም ተያየን። ሕፃኑን ረስተነዋል።

ከተወለደ ጀምሮ ጡት አልቀመሰም። ስጮህ አብሮኝ ያለቅስ ነበር። መቼ ነው ዝም ያለው?

ጥግ ወዳለው የሕፃን አልጋ እየፈራሁ ሄድኩ።

ተኝቷል። ጉንጩ ቀልቷል፣ ይተነፍሳል። አገጩ ርሷል። በጣቴ ጠረግኩት።

ወተት ነው። ገና ትኩስ ነው።

«ሲስተር... ማን አጠባው?»

አዋላጇ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

ያኔ የምታየውን አየሁ። የሕፃኑ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቷል። የሰው ጣት እንደያዘ ጥብቅ ብሎ ተጨብጧል፣ አየር ላይ።

ላነሳው ጎንበስ ስል... እጁን የያዘው ነገር ቀስ ብሎ ለቀቀው።