ሸክላውን ስበሪ

ፍርሃት እንደ ቤተኛ ገብቶ ዱካ ስቦ የተቀመጠበትን ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓ.ም. ከሀና ማርያም ወደ ላፍቶ እርሻ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረው የአማከለች ቤት እንዲያ ነበር። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። የቀሯት አንድ ልጇ ደገፋ፣ ከእናቷ የወረሰችው የውሃ እንስራና «ጥቁሩ ሰሃን» ብቻ ነበሩ።

ሰሃን የምትለው የሙዚቃ ሸክላውን ነው። ደገፋ በአትክልተኛነት ያገለገለው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ ማጫወቻ ጋር ሰጥቶት የሄደ የአንድ ሮክ ባንድ ሥራ ነበር። መርፌው ሲያርፍበት መጀመሪያ ብረት ከብረት የሚፋጭ ይመስላል፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ደረት ይደልቃል። አማከለች የወታደር መኪና የመጣ እየመሰላት ወደ በሩ ታያለች። ልጇም «ታገሺ እማዬ፣ ከጩኸቱ በኋላ ለስላሳው ይመጣል» ይላታል። እውነትም ጩኸቱ ድንገት ይቆምና ኤሌክትሪክ ያልነካው አንድ ጊታር ብቻውን፣ እንደ ክራር፣ ቀስ ብሎ ማልቀስ ይጀምራል። ያን ጊዜ እሷም በአፍንጫዋ ታዜማለች። «ከሰሃን ወጥ እንጂ ዘፈን ይወጣል?» እያለች ትቀልዳለች። እርሻ መሃል በኦሮምኛ ያደገች ናትና የዕቃውን ስም አታውቀውም፤ ደገፋም ቀልዱን ስለወደደው አርሟት አያውቅም። «ሰሃኑን ላዙርልሽ?» ብሎ አብሯት ይስቃል። በዚያ ቤት ሸክላ ማለት እንስራው ብቻ ነበር።

ወዮ! ያ ሳቅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን በነገራቸው!

አንድ ቀን ወጋየሁ የሚባል ጓደኛው መጣና የታጠፈ ወረቀት በሸክላው የካርቶን ልብስ ውስጥ ሸጎጠ። ለሁለት ቀን ብቻ ደብቅልኝ አለው። ወረቀቱ ላይ በኅቡዕ የተደራጁ የአሥራ አንድ ወጣቶች ስም ነበር፤ አንዱ የራሱ የደገፋ ነው። ወጋየሁ በዚያው ጠፋ። ደገፋም ጓደኛውን ሲጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የቀበሌ ጠባቂዎች ከመንገድ ላይ አፍሰው ወሰዱት። ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አልነበራቸውም።

አማከለች በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ጀመር። ጠባቂው ሙሉ ሰሃን ያስገባል፣ ባዶ ሰሃን ይመልስላታል። ባዶው ሰሃን ልጇ በሕይወት ለመኖሩ ደብዳቤዋ ነበር… ታቅፋው ትመለሳለች።

በዘጠነኛው ቀን ደገፋ ቤታቸው ሊፈተሽ መሆኑን እስር ቤት ውስጥ ሰማ። አብሮት የታሰረው ጫማ ሰፊው አያ ሙሴ በዚያው ዕለት ተፈትቶ ነበርና መልእክት ላከበት። ግን በየትኛው ቃል? «ጥቁሩን ሰሃን» ብል በጭስ የጠቆረውን የስንቁን ሰሃን ትሰብራለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ ስሙን እንደማታውቀው በጭንቀቱ ዘንግቶ፣ ዕቃውን በትክክለኛ ስሙ ጠራው።

ሙሴ ከደጅ ሳይገባ፣ ግራ ቀኙን እያየ ነገራት።

«እትዬ አማከለች፣ ልጅሽ ‹ሸክላውን ስበሪ፣ ልብሱንም አቃጥዪ፣ ዛሬውኑ› ብሎሻል።»

«የቱን ሸክላ?»

«እኔ ምን አውቄ። እኔም አልነገርኩሽ፣ አንቺም አልሰማሽኝ።»

እንስራው ውስጥ የደበቀው ነገር ይኖር ይሆን? ልብሱንስ ደም ነክቶት ይሆን? ልጇ ያለ ምክንያት አይልም። የእናቷን እንስራ አንስታ ከድንጋይ ጋር አጋጨችው፤ ከውሃ በቀር የወጣ ነገር የለም። ከዚያ የደገፋን ኮት፣ የፋሲካ ሸሚዙን፣ አሮጌ ሹራቡን ሳይቀር ጓሮ አውጥታ አቃጠለች። ጥቁሩን ሰሃን ግን ሲመለስ ንጹሕ ሆኖ እንዲያገኘው በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና ከነካርቶኑ ትራሱ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ጠዋት ፈታሾቹ መጡ። አለቃቸው ከትራሱ ላይ አነሳው።

«ይህ ሸክላ የማን ነው?»

አማከለች የሰማችውን ማመን አቃታት። «ምን… ምን አልከው?»

«ሸክላ ነዋ፣ እናቴ። የዘፈን ሸክላ አይተሽ አታውቂም?» ብሎ ካርቶኑን አራገፈው። ወረቀቱ እግሯ ሥር ወደቀ።

በዚያ ቀን ስንት እናት በሯ ተንኳኳ! በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ሰሃኑን ከነምግቡ መለሰላት። ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አላት፤ ፊቷን ሳያይ።

ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነበርና ጎረቤት አንድ አንድ እያለ፣ ውሃ የሚቀዳ መስሎ መጣ። በድኑ ባይገኝም የሟች ልብስ መሃል ተዘርግቶ ይለቀስበታል። ጎረቤቷ ትሩፋት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ልብሱን እንድታወጣ ለመነቻት። ልብስ! የትኛውን ልብስ? አማከለች ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። በነጠላዋ ቋጥራ የወጣችው የእንስራውን ስብርባሪ ነበር። መሃል ዘረገፈችው። ከዚያም ከንፈሯን ሳትከፍት ያንን ለስላሳ ዜማ በአፍንጫዋ ማዜም ጀመረች።

የሰው ዕጣ በምን ይንጠለጠላል? በሰይፍ ይመስለናል፤ አንዳንዴ ግን በፍቅር ሳይታረም በቀረ በአንድ ቃል ነው። ዘመኑም አለፈ፣ ጩኸቱም ቆመ። አማከለች ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ውሃዋን በቆርቆሮ እየቀዳች፣ ልጇ ይመጣል ያላትን ለስላሳውን ጠበቀች።