ከሆጤ የገዛሁት ስፖኪዮ

የማያምነኝን ሰው አልቀየመውም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። ግን ወላሂ፣ የደረሰው በእኔው ላይ ነው።

የዚህ ሳምንት ሰኞ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሐረጎ ላይ።

ጨለማ እንኳ አልነበረም።

ሙንዚር እባላለሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለቤቴ ነጂባ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያችን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አላህን ለምነን ያገኘነው። ሚኒባስ ያስመልሳታል፣ ስለዚህ ለክትትል ደሴ የምወስዳት በሞተሬ ነው።

እሷ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ፣ እኔ እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ወደሚገኘው የሸረፈዲን የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። የሞተሬ ስፖኪዮዎች ከተሰበሩ ወር አልፏቸዋል፤ ትራፊክም ሁለቴ አስቁሞኛል።

ሸረፈዲን ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። ትልቅ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ እና ትንሽዬ ጥቁር ሹል።

ዓይኔ ሹሏ ላይ ቀረ።

"ክቡን ውሰድ አቦ" አለኝ። "ይቺ ለሞተርህ ጥርሷም አይገጥምም። ደግሞ ከክርንህ ሌላ ምን ልታሳይህ?"

"ታምራለች።"

"ኋላህን ልታይበት ነው ወይስ ልትታይበት?"

ሳቅኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ካማረብኝ የሚጠበኝንም ጫማ እገዛለሁ። ጥርሱ አልይዝ ሲል ሮንዴላ የሚሉትን ቀጭን የብረት ቀለበት ደራርቦ አሰረልኝ።

ሐረጎ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። የግራው ስፖኪዮ ላላና በራሱ መዞር ጀመረ። ጥግ ይዤ አቆምኩ። ነጂባ እግሬን ላፍታታ ብላ ወረደች። እኔ ከሞተሩ ሳልወርድ፣ ሳላጠፋውም፣ በመፍቻ አጠበቅኩት።

ሞተር የሚነዳ ሰው ያውቀዋል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ተደላድሎ ሲጨርስ ትከሻህን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ሂድ ማለት ነው። ዞረህ አታይም።

ሞተሩ ዝቅ አለ። ትከሻዬ ሁለቴ ተመታ።

ሄድኩ... ዞሬ አላየሁም።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታዋ ነው። ነጂባ ቢስሚላህ ሳትል ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። በየኩርባውም "ቀስ በል!" ትለኛለች። አሁን ምንም የለም።

"በረደሽ እንዴ?"

"ንዳ።"

ድምፁ የእሷ ነው።

ከዚያ እጆቿ ወገቤን ዞረው ሆዴ ላይ ተቆላለፉ። ደረቷ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ... ከላይ እስከ ታች።

ክው አልኩ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ በእሷና በእኔ መሃል ሆዷ አለ። እንዲህ ልትጠጋኝ አትችልም።

የቀኙን ስፖኪዮ አየሁ። የራሴ ክርንና የሻርፗ ጫፍ ብቻ።

የግራውን አየሁ።

ነጂባ መንገድ ዳር ቆማለች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ ሌላውን ወደ ላይ አንስታ ትጠራኛለች።

ኩርባውን ዞርኩ። አሁንም አለች። ሌላ ኩርባ... አለች። አትርቅም፤ አታንስም።

ስልኬ ጠራ። ጆሮዬ ላይ በሰካሁት ማዳመጫ አነሳሁት።

"ሙንዚሬ... ጥለኸኝ የት ነው የምትሄደው?" እያለቀሰች ነው።

ከጀርባዬ፣ አንገቴ ሥር፣ ያው ድምፅ ሹክ አለኝ።

"ዝጋው። እኔን መስላ ነው... እንዳታቆም።"

ወገቤ ላይ ያሉት እጆች ጠበቁ። መተንፈስ አቃተኝ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ተራራ፣ ከኋላዬ ሚስቴ፣ በጆሮዬም ሚስቴ። እንደዚያ ሰዓት መውጫ አጥቼ አላውቅም። ከኋላዬ ያለችው እውነተኛዋ ብትሆንስ? ይዣት ብወድቅስ?

"ልጁስ?" ብዬ ጮህኩ። የትኛዋን እንደጠየቅኩ እኔም አላውቅም።

በስልኩ፦ "እየተራገጠ ነው... በአላህ ተመለስ!"

ከኋላዬ፦ "የቱ ልጅ?"

ሞተሩን ወደ ተራራው ጥግ ጣልኩት።

ስነሳ ከኋላዬ ማንም የለም። ሁለቱም ስፖኪዮዎች ረግፈዋል። ሩብ ሰዓት የነዳሁ መስሎኝ ነበር፤ ነጂባን ያገኘኋት ግን ሁለት ኩርባ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ። ልጁ ረገጠኝ። አለቀስኩ፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

"እየጠራሁህ ሄድክ እኮ" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ "ከኋላህ ያስቀመጥካት... ማን ናት?"

ወደ ሞተሩ ወረድን፤ አሁን ግን ዞሬ እያየሁ አሳፈርኳት።

ኮምቦልቻ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። የቤቱ ቁልፍ ነጂባ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አስገባችው፤ ዞረ። በሩ ግን አልተከፈተም። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ገፋሁት። ከውስጥ ኮቴ መጣና በሩ ጋ ቆመ።

"ሙንዚሬ..." የነጂባ ድምፅ ነው። "ብቻህን ነህ?"

ነጂባ አጠገቤ ናት። እጅጌዬን ይዛለች።

በግቢው ወዲያኛው ጫፍ የሚኖሩት አክስቴ ራቢያ ወጡ። ነጂባን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምነው ልጄ... ቅድም ሰላም ብለሽኝ ገብተሽ አልነበር?"

"እኔ አይደለሁም" አለች ነጂባ። "እማማ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም።"

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ነን። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ማንም በሩን እንዳይነካ፣ ጁምዓ ዱዓ ተደርጎ ይከፈታል ብለዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ወደ ዘመድ እንሂድ እንዳልል፣ ከግቢው ለመውጣት በዚያ በር ፊት ማለፍ ግድ ነው። ነጂባ አላልፍም አለች። እኔም ጥያት ሥራ መሄድ አልቻልኩም። አራት ቀን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን በሩን እናዳምጣለን።

ዛሬ ጠዋት በአክስቴ መስኮት ወደ ግቢው አየሁ። በራችን እንደተዘጋ ነው።

ፊት ለፊቱ ባለው ገመድ ላይ ግን ልብስ ተሰጥቷል። ገና ውሃው ይንጠባጠባል።

የእኔ ሸሚዝ... የነጂባ ቀሚስ...

ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ፣ እኛ እስካሁን ያልገዛነው፣ የአራስ ልጅ ልብስ።