የሌሊቱ ደቦ

ጠጋ በሉ። ኩራዙን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይህ ወሬ በብርሃን አይወራም።

ድሮ ነው። ሰዓቱ ውድቅት ነው፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። አንድ ሰው ብቻውን ከሐይቁ ተነስቶ ወደ መንደሩ ዳገቱን ይወጣል። ስሙ ቢራራ ነው። በትከሻው ቅል ሙሉ ውሃ ተሸክሟል።

ለምን በሌሊት? ልጁ ትብለጥ ታማለች። ትኩሳቱ ከንፈሯን ሰንጥቆታል። "ውሃ፣ አባዬ" ትላለች፤ ቤት ውስጥ ጠብታ የለም። ምንጩ ደርቋል። ሐይቁም ሸሽቷል። ድሮ ከደጃቸው ይታይ ነበር፤ አሁን ግማሽ ሌሊት ያስኬዳል።

ሐይቁ ለምን ሸሸ? ተራራው ላይ የጥንት ሰዎች የካቡት ካብ ነበር። ዝናቡን ይይዛል፣ አፈሩን ይይዛል። የመንደሩ ሰው ግን ድንጋዩን እየነቀለ ቤት ሠራበት፣ በረት አጠረበት። መጀመሪያ የነቀለው ማን ነው? ቢራራ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎርፉ የተራራውን አፈር እየጠረገ ሐይቁን በደለል ሞላው።

እና ቢራራ ይሄዳል። ቋ። ይሄዳል። ቋ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ድምፅ ነው። ጠጋ ሲል፣ በፈረሰው ካብ ላይ ሰዎች በጨለማው ጎንበስ ቀና ይላሉ። ደቦ ነው። በዚህ ሰዓት ደቦ የሚወጣ ማን ነው? ቢራራ አልጠየቀም። የሚሠራ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። አፉ እንደለመደው፣ "ያበርታችሁ" አለ።

ሁሉም ቀጥ አሉ።

"ያበርታችሁ ያለ ድንጋይ ሳያነሳ አያልፍም" አለ አንዱ።

"ልጄ ታማብኛለች፣ ጌቶቼ። ውሃዋን ላድርስና እመለሳለሁ።"

"አንድ ድንጋይ ብቻ።"

ቅሉን አስቀምጦ አንድ አነሳ። ያንን ሲክብ ሌላ አቀበሉት። ጣታቸው ይቀዘቅዛል።

"ፈጠን በል እንጂ፣ ቢራራ" አለች አንዲት አሮጊት እየሳቀች። "ስታፈርሰው እንዲህ አልለገምክም።"

ድምፅዋን አወቀው። አክስቱ ናት። የቀበራት እሱ ራሱ ነው።

ሊሮጥ ፈለገ፤ እግሩ እምቢ አለ። እጁ ግን ይክባል።

"እባካችሁ፣ ትሞትብኛለች።"

"ስንጨርስ ትሄዳለህ።"

መቼ ይጨረሳል? ድንጋዩ ያለው በየሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው። ቢራራ እያለቀሰ ካበ። ቅሉ አጠገቡ ቆሟል፤ አንስቶ መሄድ ግን አልቻለም።

ሊነጋ ሲል ከመንደሩ በኩል አንዲት ትንሽ ልጅ መጣች። ቀስ ብላ ትራመዳለች። ደረቷ ላይ ድንጋይ አቅፋለች። ቢራራ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሯ ድኗል።

"አባዬ፣ አሁን አልጠማኝም" አለችው። "ይህን የት ላስቀምጠው?"