በቀይ ክር የተሰፋው ይግባኝ

ኡልሪክ ፎርዳይስ ሞቶ የተገኘው ከእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ግርጌ ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ የሸሚዙ አዝራሮች ተበጥሰዋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ላጣ እስረኛ ሁሉ ይግባኝ የሚጽፈው ይህ እስረኛ ሽማግሌ ነበር።

ከዋና ከተማዋ ከጆርጅታውን የመጣችው ኢንስፔክተር ዩኒስ ብራፍ አዝራሮቹን አየችና «አልወደቀም። ደረቱን ይዘው ገፍትረውታል» አለች።

ያን ጠዋት በአካባቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ጣት ሁሉ የተቀሰረው በወጣቱ ዲዮናሪን ላይ ነበር። ባልሠራው ዝርፊያ አሥራ አራት ዓመት ተፈርዶበት፣ ይግባኙም በጊዜው አልደረሰም ተብሎ ወድቆበታል። በዋዜማው በምግብ ሰልፍ ላይ ሽማግሌውን ሲሰድብ ያልሰማ አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠየቀው የእስረኞችን ወረቀት የሚረከበው ሳጅን ሂንድስ ነው።

«ሽማግሌው የዲዮናሪንን ይግባኝ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ ይል ነበር» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ዋሽቷል! ሂንድስ አይረሳም፤ የፈለጉትን ይጠይቁ። ደግሞ ቀይ ክር ያለው ወረቀት እጄ ገብቶ ይጠፋኛል እንዴ?»

የእስር ቤቱ ቄስ አባ ኦብሪ መሬት መሬት እያዩ መለሱ። «ያን ጠዋት ኡልሪክ ደረጃው ላይ አንድ ሰው ‹ቃልህን ስጥልኝ› እያለ ሲለምን ሰምቻለሁ፤ ማንን እንደሆነ አላየሁም። ጠብ ውስጥ መግባት ፈርቼ የጸሎት ቤቱን በር ዘጋሁ።»

ዲዮናሪን ግን ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ነበር።

«ወረቀቱን በምን ሰፋችሁት?» አለችው።

«እዚህ ስቴፕለር ክልክል ነው፤ ሁሌ ከብርድ ልብስ ነጭ ክር እንመዛለን። ያን ቀን አልቆብን፣ እናቴ የሮቲ ቂጣ ከጠቀለለችበት ቀይ ጨርቅ መዘዝን። አጎት ኡልሪክ እንደሰፋው ሊያስረክብ ወረደ። ሳጅኑ አልተቀበልኩም ሲል የደንብ ልብሱን አምኜ፣ አጎት ኡልሪክን ውሸታም አልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እስረኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ወረቀት ማስገባት አይችልም። ስለዚህ ደንቡ፣ ለጠባቂ ባስረከበበት ቀን እንደገባ ይቆጥርለታል። ኡልሪክ ይህን ስለሚያውቅ የፈለገው የተረካቢውን ቃል ብቻ ነበር። ዲዮናሪን የሚሰጠው ቃል የለውም፤ አባም እንደዚሁ። ታዲያ ማንን ነበር የሚለምነው? ሳጅን፣ ያልተቀበሉት ወረቀት ክሩ ቀይ መሆኑን በምን አወቁ?»

ሂንድስ ፊቱ ደም መሰለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዝናብ ስለነበር ካፖርቴ ኪስ ከተትኩትና ረሳሁት። ሳገኘው ጊዜው አልፎ ነበር፤ አቃጠልኩት። ኡልሪክ ‹ረሳሁ ብለህ ጻፍልኝ፣ ልጁ ይወጣል› አለኝ። ረሳሁ ለማለት አፈርኩ። ደረቱን ይዤ ገፋሁት።»

«መቼ ነበር የተቀበሉት?»

«ጊዜው ሳያልፍ ነው። በደንብ ይደርስ ነበር።»

ወረቀትና ብዕር አቀረበችለት። ሽማግሌው የለመነውን ቃል ሂንድስ ጻፈ፤ ፈረመበትም።

«ይግባኝህ ይሰማል» አለችው ዲዮናሪንን።

ልጁ ቀና አላለም። «ሰው ሁሉ ፊት ነው እኮ ውሸታም ያልኩት» አለ። «አሁን ማንን ነው ይቅርታ የምለው?»