የሉተር ካሴት

ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ተረት አይደለም፤ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ የሆነ ነው።

ዴይተን፣ ኦሃዮ። የ1983 ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ውጭ በረዶ ይጥላል።

የልጅ ልጄ ሼሊ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ለገና ኮምፒውተር ገዝቶላት ነበር፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ በእሱ አብዷል። ልጆቹ ፕሮግራም ከመጽሔት እየገለበጡ ይጽፋሉ፤ እንዳይጠፋባቸው ደግሞ ተራ ካሴት ላይ ይቀዱታል።

እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

"የአባባን ካሴት እንዳትነኪ" አልኳት።

"እማማ ትሙት፣ አልነካም።"

ሼሊ አባባ የምትለው ባሌ ሉተር፣ እሷ ሳትወለድ ነው የሞተው። መልካም ልደት የዘመረልኝ ድምፁ እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ቀርቷል። ማንም እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ፕላስቲክ በገዛ እጄ ሰብሬያታለሁ።

ወጥ ቤት ሳለሁ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ቴፕ ሲያፏጭ ሰማሁ። ፕሮግራም ሲገባ እንደዚያ ነው... ጆሮ ይበሳል።

ከዚያ ዝም አለ። ሼሊ ሳቀች።

"ከማን ጋር ነው የምትስቂው?"

"ከማንም።"

ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ፊደላት አንድ በአንድ ይወጣሉ... ቀስ እያሉ። ሉተር በታይፕ ሲጽፍ እንደዚህ ነበር፤ በአንድ ጣት።

የሼሊ እጆች ጉልበቷ ላይ ናቸው።

"ለእማማ አትንገሪ" ይላል ጽሑፉ።

ቴፑን ከፈትኩት። የሉተር ካሴት። ፕላስቲኳን የሰበርኩበት ቀዳዳ በፕላስተር ተሸፍኗል፤ እንዲያ ሲሸፈን ካሴቱ እንደገና ይቀዳበታል።

"ምነው ሼሊ... በእኔ ምለሽ?"

"አባባ ነው ሸፍኚው ያለኝ" አለች በሹክሹክታ። "አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ይጽፍልኛል። ብቻዬን መዝፈን ሰለቸኝ አለ።"

ስንት ዓመት ያለቀስኩለት ሰው... ለእኔ አንዲት ቃል ሳይጽፍ፣ ከኋላዬ ከልጅ ጋር ይዶልታል።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩና ጣልኩት። ድምፁ ተርፎ እንደሆነ ልስማ ብዬ ካሴቱን ወጥ ቤት ያለው ቴፕ ውስጥ ከተትኩት።

ሉተር ይዘምራል።

ተመስገን አልኩ።

ከዚያ የልጅ ድምፅ ተቀላቀለው። ቀጭን... የሼሊ።

በላዩ ሲቀዳበት የፊተኛው ይጠፋል እንጂ አብረው አይዘምሩም።

"ሼሊ... ይሄ ምንድን ነው?"

ዞር አልኩ። በሩ ላይ ቆማለች። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች...

ድምፅ የላትም።

ቴፑ ውስጥ ዘፈኑ ቆመ።

"እማማ..." አለ ካሴቱ፣ ከከንፈሯ እኩል። "ፕላስተሩን ለምን ላጥሽው? አሁን በየት ልውጣ?"